ፀሐይ በምስማር ቀዳዳ

ባለቤቴ ሲያገቡኝ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ሠላሳ አራት። በአዳማ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ይመቱ ነበር። ፈረንሳይኛ ያነባሉ፣ ኮት ይለብሳሉ፣ ባለሰንሰለት ሰዓት በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። አባቴ የምንጃር ቄስ ናቸው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊት ያስደገሙት እኔን ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው "ሰውየው ማንበብ የምትችል ሚስት ነው የሚፈልጉት" ሲሏቸው አባቴ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። እኔም ማንበብ የምትችል ሚስት ለምን እንደምትፈለግ ሳልጠይቅ በበቅሎ ተጭኜ ወደ ቆላው ወረድኩ።

ቤታችን ከሐዲዱ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ግቢው ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ቆርቆሮው ከእኔ ቁመት በክንድ ይበልጣል። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲወጡ የውጭው በር ሲቆለፍ ሰማሁ። ረስተውኝ መስሎኝ ሮጬ ሄጄ በሩን መታሁት።

"ምን ሆንሽ?" አሉ ከውጭ።

"በሩን ቆለፉብኝ እኮ!"

"አውቃለሁ" አሉና ሄዱ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ወተት የምታመጣልኝ የአርሲ ሴት ናት። በግቢው ጀርባ ቆርቆሮው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ ወተቱን በቅል አድርጋ በዚያ ታሳልፍልኛለች፤ እኔም ባዶውን ቅል በዚያው እመልስላታለሁ። ፊቷን ሳላየው ስንት ወር ድምፅዋን ብቻ አወቅሁ። "አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሚቆለፍብኝ ጠየቅኋት።

"ያቺኛዋን አልነገረሽም?" አለችኝ።

"የቷን?"

"ካንቺ በፊት የነበረችውን። በባቡር ሄደች። በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዋን እንዳደረገች። እሱ ቢሮው ውስጥ ያን ነገር ጣጣጣ ሲያደርግ ነበር። ባቡሩ ሲነሣ ቀና ቢል በመስኮት በኩል ስታልፍ አያት ይላሉ።"

ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ሲዞር ስሰማ እንደ ልቤ መናደድም አቃተኝ። ባለቤቴ አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም፣ ከጣቢያ ሲመለሱ ሎሚ ወይም ስኳር ሳይዙ አይገቡም። በሩን ግን ይቆልፋሉ፤ እሑድ ከሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ከመሳም በቀር ከግቢ አልወጣም። ባቡሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲያልፍ የቤቱ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ መንገደኞች ሲሳሳቁ፣ ሴቶች ሙዝና እንቁላል ለመሸጥ ሲጣሩ ይሰማኛል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን በቆርቆሮው ላይ እያራገፈ ያልፋል። የሰማሁትን ሁሉ በዓይኔ የማየው በሐሳቤ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ማንበብ የምትችል ሚስት ለምን እንደተፈለገችም ቀስ ብሎ ገባኝ። ባለቤቴ ፎቶግራፍ ያነሱ ነበር። ሥራቸው አይደለም፤ ፍቅራቸው ነው። በባቡሩ መስመር ላይ እንደሳቸው ያሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሞጆ ላይ ሱቅ ያለው ግሪክ፣ ሁለተኛው አዋሽ ጣቢያ ላይ ባቡር የሚጠግን አርመን፣ ሦስተኛው የቢሾፍቱ አንድ ባላባት ጸሐፊ የሆኑ አዛውንት። አራቱ አንድ የሸራ ከረጢት ነበራቸው። እያንዳንዱ ያነሳውን ፎቶ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል፤ ፎቶው የሚለጠፍበት ወፍራም ወረቀት ሰፊ ኅዳግ አለው፤ ሌሎቹ በዚያ ላይ ያሰቡትን ይጽፋሉ። ከረጢቱን የባቡሩ ተቆጣጣሪ ከጣቢያ ጣቢያ ያደርሰዋል። አንድ ዙር ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል።

ከረጢቱ የገባ ዕለት ባለቤቴ ራት አያስቡም። ወንበር ስበው ይቀመጡና አስተያየቶቹን እያነበቡ ያሰሙኛል፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ራሳቸው ይተረጉማሉ፤ የአዛውንቱን አማርኛ ግን ዓይናቸው ስለሚደክም ለእኔ ይሰጡኛል። ሚስት የተፈለገችው ለዚህ ኖሯል። ደግሞም ምን ልበል፣ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ያ ቤት ሰው የሞላበት ይመስለኝ ነበር።

ሰዎቹ የሚያነሱት ነገር መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ነበር። ሰው ፎቶግራፍ የሚነሳው ካባ ለብሶ፣ ጎራዴ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ይመስለኝ ነበር። የግሪኩ ፎቶ ግን በውኃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ነው። ዘይት መሆኑን ካልነገሩህ አታውቀውም፤ ደመና ይመስላል፣ የነብር ቆዳም ይመስላል። አዛውንቱ ከጎኑ እንዲህ ጽፈዋል፦ "ሦስት ጊዜ ገልብጬ አየሁት፤ በየትም በኩል ያው ነው። ላዩና ታቹ የማይለይ ነገር እንዴት ሥዕል ይባላል?" ግሪኩ በሚቀጥለው ዙር መለሰ፦ "እርስዎ በጀርባዎ ተኝተው ሰማይን ሲያዩ ላዩን ከታቹ ይለያሉ?" አዛውንቱም፦ "በጀርባዬ ከተኛሁማ እንቅልፍ ይወስደኛል።" ይህን ሳነብላቸው ባለቤቴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሳቸውን ፎቶ ግን ማንም አይከራከርበትም ነበር። ጣቢያውን ከፊት ለፊት ያነሱታል፤ ምሰሶው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያው ቀጥ ያለ፣ ሁሉም ነገር በልክ ነው። አንድ ጊዜ ግሪኩ ከሥሩ "ይህን ጣቢያ አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ አልፍበታለሁ። ፎቶው በዓይኔ ላይ ምን ጨመረልኝ?" ብሎ ጻፈ። አርመኑ ደግሞ "ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ አለፈው። ባለቤቴ ወረቀቱን አስቀመጡት።

"ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ።



እኔ በነገሩ ውስጥ የገባሁት በሥራ ነው። ፎቶ የሚታተምበት አንድ ዓይነት ወረቀት ነበራቸው፤ "የፀሐይ ወረቀት" ይሉታል። ካሜራው ምስሉን የሚቀርጽበት መስታወት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ በእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ይገባና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ የነካው ቦታ ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል። ሲበቃው ወደ ጥላ ገብቶ በመድኃኒት ውኃ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ሁሉም ይጠቁራል። እሳቸው ቢሮ ስለሚውሉ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ መጠበቅ፣ ማንሳትና ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ። እንደ በርበሬ ስጥ እጠብቀዋለሁ።

የዕቃ ቤታችን ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ከሌላ ቤት ተነቅሎ የመጣ ስለሆነ የድሮ ምስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከጣቢያው ወገን ስትወጣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት ትንሽ ክብ ብርሃን ትገባለች። ሥራ ሳጣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ክቦቹ ሲሄዱ አያለሁ። መሄዳቸውን ዓይን አይዝም፤ ዞር ብለህ ስትመለስ ግን ቦታቸው ላይ የሉም። አንድ ቀን ጥጉ የተቀደደ፣ ባለቤቴ የጣሉት የፀሐይ ወረቀት አገኘሁ። ሣጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ወረቀቱን አቆምኩበትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ምናልባት ክቦቹ የሚሄዱበትን ማወቅ ፈልጌ ይሆናል።

ከቀትር በፊት ገብቼ አነሳሁት። ወረቀቱ ላይ መስመሮች ነበሩ፤ ዐሥራ አንድ ቡናማ መስመሮች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ፣ እንደ ክር ቀጭን። እያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል። መጀመሪያ ወረቀቱ የተበላሸ መሰለኝ። ሳስበው ግን ጠዋት ባቡሩ ጣቢያ ቆሞ ውኃና እንጨት ሲጭን ጭሱ ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር። ባቡሩ የቆመበት ያህል ጊዜ መስመሩ ላይ የለም። አጠብኩት፤ አደረቅሁት፤ ከዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁት።

ባለቤቴ ያገኙት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዳዊቱን አንስተው ሲገልጡ ወደቀባቸው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ተቀድዶ የጣሉት ወረቀት ነው።"

"ወረቀቱን አውቀዋለሁ። በላዩ ያለውን ነው የጠየቅሁሽ።"

"ፀሐይ ናት" አልኳቸው።

እንደመቆጣት አሉና ተዉት። በዚያ ሰሞን ነፋሱ በርትቶ አቧራ በካሜራቸው ውስጥ ገብቶ መስታወቶቻቸውን ሁሉ አበላሽቶባቸው ነበር፤ ከረጢቱ ደግሞ ደርሷል። ባዶውን ማሳለፍ አሳፈራቸው። የተቀደደውን ጥግ በመቀስ አስተካክለው የእኔን ወረቀት ለጠፉትና ከሥሩ ስማቸውን ጻፉ። እንደ ቀልድ የሚያልፍ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሲመለስ ኅዳጉ ሞልቶ ተረፈ። ግሪኩ "ዝናብ ነው፤ ግን በዝናብ ጊዜ እንዲህ ያለ ብርሃን ከየት መጣ?" ብሏል። አርመኑ፣ ያ "ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ የሚያልፈው ሰው፣ ስድስት መስመር ጻፈ፤ በገና ይመስላል፣ ደግሞ አይመስልም፤ በእጅ የተሣለ ከሆነ ማጭበርበር ነው፣ በእጅ ካልተሣለ ግን እንዴት እንደተሠራ ካልነገርከኝ እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። አዛውንቱ የጻፉትን ያነበብኩት እኔ ነኝ፦ "ምን እንደሆነ አላውቅም። ይህን የሠራ ሰው ግን ብዙ የሚጠብቅ ሰው ነው። መስመሮቹ የተቋረጡበት ቦታ ላይ ዓይኔ ይቆማል። እዚያ ምን ሆነ?"

ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩኝ "ሌላ መሥራት ትችያለሽ?" አሉ።

ይህ ጥያቄ በሩን የሚከፍትልኝ መስሎኝ ነበር። "እችላለሁ፤ ግን ወንዝ ብወርድ፣ ቅጠል ብሰበስብ፣ ገበያ ብወጣ የተሻለ ይሆናል" አልኳቸው። ለአንድ ቀን አሰቡበት። በማግስቱ ከአዲስ አበባ አንድ እሽግ የፀሐይ ወረቀት አስመጡልኝ። "ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ከግቢ ከወጣሽ ማን ይጠብቀዋል?" አሉኝ። እሑድ እሑድ ከሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን መሳሜም ቀረ፤ እሑድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነዋ። እስከዚያ ቀን ግቢው ነበር እስር ቤቴ፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ቤቷ ሆነች።

ያም ሆኖ መሥራቱን አልጠላሁትም፤ ይህንን መካድ አልችልም። ወተት አምጪዋ የምፈልገውን ታመጣልኝ ጀመር። በቆርቆሮው ሥር የጅግራ ላባ፣ ከአዋሽ ዳር የተቀጠፈ ደንገል፣ እባብ ጥሎት የሄደ ቅርፊት ታሳልፍልኛለች። "ይኼን ትበይዋለሽ ወይስ ትለብሺዋለሽ?" ትለኛለች። በቀዳዳውና በወረቀቱ መካከል አንጠለጥላቸዋለሁ፤ መስመሩ እነሱ ጋ ሲደርስ ይሰበራል፣ ይደበዝዛል፣ ያልፋል። ለአንዱ ወረቀት አራት ጠዋት ሰጠሁት። ከረጢቱ ሄዶ በመጣ ቁጥር የሦስቱ ሰዎች ጥያቄ ይበዛል፤ ሁሉም ለባለቤቴ ነው። "ወዳጄ፣ እጅህ ምን ነካው?" "ጌታዬ፣ ከጣቢያ ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ የት ነው?" እሳቸው ደግሞ መልስ መጻፍ ስለማይችሉ "ምሥጢር ነው" እያሉ ይመልሳሉ።

አንድ ጊዜ ግን ራሴን መግታት አቃተኝ። የአዛውንቱ ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም ነበር፤ በየዙሩ ይደግሙታል። ከረጢቱ ሊሄድ ሲል ባለቤቴ ውኃ ሊጠጡ ገቡ። እርሳሱን አንስቼ ከወረቀቱ ጀርባ፣ በትንሽ ፊደል፣ "ባቡሩ ሲቆም ጭሱ ፀሐይን ይሸፍናታል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ከረጢቱ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን ስቆጥር ከረምኩ። ሲመለስ በጀርባው ላይ ምንም የተጨመረ የለም። በፊቱ ግን አዛውንቱ "ገባኝ። አመሰግናለሁ" ብለው ነበር። ባለቤቴ "ምኑ ነው የገባቸው?" ብለው ጠየቁኝ። "እንጃ" አልኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሦስቱ ሰዎች ሶደሬ ፍል ውኃ ወርደው ሊታጠቡ ተቀጣጠሩ፤ ባለቤቴንም በደብዳቤ ጠሩ። ግሪኩ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ "ምሥጢሩን በዓይናችን ሳናይ አንለቅህም" ብሏል። ባለቤቴ ደብዳቤውን ይዘው በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲሉ አየኋቸው። መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"አሠራሩን አሳዪኝ።"

"ካልወሰዱኝ አላሳይም" አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ደብዳቤው በእጃቸው ነበር። "እሺ" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

በበቅሎ ሄድን። ሰው ሁለት ዓመት ታጥሮ ኖሮ ሜዳ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን አሁንም በቃል መናገር ይቸግረኛል። ግራሩ ሁሉ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር። ርቀት ማየት ዓይኔን አመመው፤ ከቆርቆሮ አጥር የራቀ ነገር ማየት ረስቼ ኖሯል። ባለቤቴ ከፊቴ ሆነው በየጥቂቱ እየዞሩ ያዩኛል። በቅሎዬን ብኮለኩላት የት እንደምደርስ አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። ምንጃር ነው የምደርሰው። አባቴም በማግስቱ በዚያችው በቅሎ ይመልሱኛል።

ሶደሬ ስንደርስ ሦስቱ ሰዎች ከአንድ ትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ጠበቁን። ጦጣዎች ከላያችን ይዘላሉ። ከሥራችን የፍል ውኃው እንፋሎት ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ደፍርሶ ይፈሳል። በከረጢት ውስጥ የማውቃቸውን ሰዎች በአካል ማየቱ እንግዳ ነገር ነበር። ግሪኩ አጭርና ጮክ ብሎ የሚናገር፣ አርመኑ ጥፍሩ ውስጥ ዘይት ያለበት ዝምተኛ፣ አዛውንቱ ደግሞ ጭራ የያዙ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው ግን ፈጣን ሰው ናቸው። ግሪኩ እጅ ነሥቶኝ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ባለቤቴ አንድ የሻይ ሣጥን በምስማር በስተው ይዘው መጥተው ነበር። አሠራሩን በደንብ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወረቀቱን በጨርቅ ተሸፍነው ውስጥ ከተቱ፣ ሣጥኑን ወደ ፀሐይ አዞሩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ያልነገርኳቸው፣ መንገር የማያስፈልገው የመሰለኝ፣ መጠበቅን ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን ከፍተው አዩ። ዘጉ። ግሪኩ "እህ?" አላቸው። እንደገና ከፈቱ። ሣጥኑን ትንሽ አዞሩት። ላቡ በአንገታቸው ይወርዳል። አምስት ጊዜ ከከፈቱት በኋላ ወረቀቱን ሲያወጡት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነበር፤ እንደ ተጠበሰ ቂጣ።

ግሪኩ ሳቀ። "በመጨረሻ ያንተን ጣቢያ በሌሊት አየነው!" አለ። አርመኑ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠውና ሳይናገር መለሰው።

ያን ጊዜ አዛውንቱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "እስቲ እመቤትም ትናገር" አሉ። "እዚያው ግቢ ውስጥ ናት፤ ሲሠራ አይታ ይሆናል። ምን ጎደለ፣ ልጄ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዛውንቱ በር እንደከፈቱልኝ ገባኝ፤ በዓይናቸው ይጠብቁኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃኝ። ባለቤቴን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት፣ ያቺ ሴት በባቡሩ መስኮት ስታልፍ የነበራቸው ፊት ይመስለኛል። የከፈትኩትን አፌን በሌላ ቃል ሞላሁት።

"ስንመጣ መንገድ ላይ ወረቀቱን ፀሐይ ነክቶት ይሆናል" አልኩ።

"ይሆናል" አሉ አዛውንቱ። ጭራቸውን አነሡ። ወንዶቹ ሊታጠቡ ወረዱ፤ እኔ ዋርካው ሥር ከበቅሎዎቹ ጋር ቀረሁ። ያን ያህል ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጬ ትንፋሽ ያጠረኝ ያን ቀን ነው። ማንም አልቆለፈብኝም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱ ሲጋመስ በቅሏቸውን አቆሙ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን እንድል ኖሯል?"

"እኔ ነኝ የምሠራው ማለት ትችዪ ነበር።"

"ብያቸው ከማን ጋር ልመለስ ነበር?" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ቁልፉ ግን አልዞረም። ብሄድ ቁልፉ በውስጥ በኩል ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ለሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። በሐዲዱ ዳር ሄድኩ፤ ሱቆቹን አለፍኩ፤ የእህል ገበያው ድረስ ደረስኩ። አንዲት ሴት ቅል ታቅፋ "ኢንተላ ኮ!" ብላ ስትጠራኝ በድምፅዋ አወቅኋት፤ በሐሳቤ ወፍራም ሴት ነበረች፣ ለካ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት። ተቃቅፈን ቆምን። "የት ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ የምሄድበት አንድም ስፍራ አልመጣልኝም። እሷ ወደ ወተቷ፣ እኔ ወደ ግቢዬ ተመለስን። ስገባ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ልማድ ነው።

ከረጢቱ በመጣ ጊዜ ባለቤቴ አዲሱን ወረቀቴን ለጠፉ። ብዕራቸውን ነክረው ከሥሩ "የባለቤቴ ሥራ ነው። የቀድሞዎቹም የእርሷ ናቸው" ብለው ጻፉ። ለእኔ አላነበቡልኝም። ከረጢቱ ከሄደ በኋላ ነው የነገሩኝ። ለሳቸው ያ ቀላል ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ እስካሁንም አከብርላቸዋለሁ።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ግሪኩ "እንዲህ ያለች የቤት እመቤት ስላለህ ደስ ይበልህ፤ በጣም ቆንጆ ነው" ብሏል። አርመኑ "ቆንጆ ነው። ለእመቤቲቱ ሰላምታዬ ይድረስ" አለ። አዛውንቱ ታመው ስለነበር ኅዳጋቸው ባዶ ነው። ስለ መስመሮቹ አንድ ቃል የለም። ዝናብ ነው ወይስ በገና ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ማጭበርበር ነው ብሎ የሚጣላኝም ጠፋ። በሚቀጥለው ዙርም ያው ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ሰላምታ ይድረስ። ያንን ሁሉ ክርክር የሰጡት ለአንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው እኔ መሆኔን ሲያውቁ ክርክሩን መልሰው ወሰዱት። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ አጥር አለ ብሎ ማን አሰበ። በቆርቆሮው አጥር እንኳ ወተት ያልፍ ነበር።

ተስፋ ቆርጬ፣ እንደነገሩ አንድ ወረቀት በግማሽ ጠዋት ሠራሁ። ላባ ሰቀልኩበት፤ ላባ ይወዳሉ ብዬ ነው። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው አመሰገኑት። አዛውንቱ ገና ስላልተሻላቸው አስተያየታቸው የደረሰን ዘግይቶ፣ ለብቻው በብጣሽ ወረቀት ነው። ፊደሉ ተንጋዷል። ባለቤቴ አይተው "አንቺ አንብቢው፤ ላንቺ ነው" አሉኝ።

"ልጄ፣ ይኼኛው ካለፉት ሁሉ ያንሳል" ይላል። "ላባው ላባ ከመሆን አላለፈም። ቸኩለሻል። ለማን ብለሽ ነው የቸኮልሽው? ሁለተኛው መስመር ላይ ግን፣ ከላይ በኩል፣ አንድ የማላውቀው ነገር ጀምረሽ ትተሽዋል። እሱን ጨርሺልኝ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሳቅ አመለጠኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ባለቤቴ ደንግጠው "ሰደቡሽ እንዴ?" አሉ።

"አዎ" አልኳቸው፣ ዓይኔን እየጠረግሁ።

አዛውንቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ሲሞቱ ከረጢቱም ቀረ፤ ግሪኩ ሱቁን ሸጦ ሄደ፣ አርመኑ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። እኔና ባለቤቴ በዚያው ግቢ ብዙ ዘመን ኖርን፤ ልጆችም ወለድን፤ በሩም ከዚያ ወዲያ በላዬ አልተቆለፈም፣ እኔም ርቄ አልሄድኩም። የአዛውንቱን ቃል ባነበብኩ በማግስቱ ጠዋት ግን ብጣሿን ወረቀት አጣጥፌ በመቀነቴ ቋጠርኩና ሁለተኛውን መስመር ለመጨረስ ወደ ዕቃ ቤቷ ገባሁ።